ፍሬን ያለው ጠመንጃ

አባቴ በአደን ጊዜ የሚቆሙበት ቦታ የተወሰነ ነበር። የዱር እንስሳት ስካውት ስለነበሩ፣ ፈቃድ ያለው የውጭ አገር አዳኝ ሲመጣ አብረውት ይወጣሉ። አውሬው ወንድ መሆኑን፣ ዕድሜው መድረሱንና በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ዓይነት መሆኑን በመነጽር አይተው «ይሁን» ካላሉ አይተኮስም። ስለዚህ ቦታቸው ከተኳሹ ግራ ትከሻ አጠገብ ነው። «ይሁን» ካሉ በኋላ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ መነጽሩን ደረታቸው ላይ ለቀው ጆሮዎቻቸውን በአውራ ጣቶቻቸው ይደፍናሉ፤ አፋቸውንም በጥቂቱ ከፈት ያደርጋሉ። በወታደርነታቸው ዘመን ከመድፈኞች የተማሩት ነገር ነው። በልጅነቴ እቤት ሲያሳዩኝ የአፋቸው አከፋፈት ስለሚያስቀኝ ደግመው እንዲያሳዩኝ እለምናቸው ነበር።

ያን ልማድ በሥራ ዘመናቸው የተዉት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። የተዉትም እኔ በነገርኳቸው አንድ ቃል ምክንያት ነው። ከዚያ ሳምንት በኋላ ጆሯቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። እውነቱን ልነግራቸው የሚገባኝ ያኔ ነበር፤ የነገርኳቸው ግን ድምፄን መስማት ካቆሙ በኋላ ነው።

አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥተው ነገሌ የቀሩ ሰው ናቸው። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ብዙዎቹ ጓደኞቻቸው ወደየትውልድ መንደራቸው ተመለሱ። እሳቸው ግን እዚሁ አግብተው፣ እኔን ወልደው፣ ኦሮምኛውንም ከእናቴ ቤተሰብ ለምደው ነበርና የትም አልሄዱም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በስካውትነት ተቀጠሩ። እናቴ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ስላረፈች፣ እኔና እሳቸው ሁለት ብቻ ሆነን ኖርን።

ጆሯቸው በከተማው የታወቀ ነበር። ከክብረ መንግሥት በኩል የሚመጣ አይሱዙ ገና ዳገቱን ሲያያዘው፣ ጭኖ ይሁን ባዶውን ከደጃፋችን ሆነው ይለዩታል። ጫካ ውስጥ ጅግራ ስትጮህ ሰው አይታ ይሁን እባብ አይታ ያውቃሉ። ከሁሉም የሚኮሩበት ግን በሊበን ሜዳ ሣር ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ነበረች። ወፏ ከሌላ ቦታ አትገኝም ይባላል፤ መልኳም ከሌሎች የሜዳ ወፎች እምብዛም አይለይም። አባቴ በዜማዋ ብቻ ይለዩዋት ነበር። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን እንደምትሰብረው፣ ቀጭን ክር እንደሚበጠስ አድርጋ እንደምትተወው ደጋግመው ቢነግሩኝም፣ እኔ ከሌሎቹ ለይቼ ሰምቻት አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ሆኜ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ወደ ነገሌ ስመጣ፣ ከዳዋ ወንዝ ወዲህ በተተከለ የአደን ካምፕ አምበራይሌ የሚባለውን ቀንዳም የዱር እንስሳ የሚያድኑ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች እንደሚጠበቁ አባቴ ነገሩኝ። አስተርጓሚው ወባ ይዞት ተኝቷል። የካምፑ ኃላፊ እንግሊዝኛ ቢችልም ከአንደኛው አዳኝ ጋር በሌላ መኪና መሄዱ ነው፤ ለሁለተኛው ሰው መፈለግ ነበረበት። አባቴ ቀድመው እኔን መጠቆማቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለኃላፊው «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ መጽሐፉ ራሱ በእንግሊዝኛ ነው» ብለውት ነበር።

ኃላፊው ሴት ልጅ ወደ ካምፕ መምጣቷን አልወደደውም፤ ሌላ ሰው ስላጣ ብቻ ተቀበለ። በመጀመሪያው ቀን፣ ሥራው የማይሆንልኝ ከመሰለው በማግስቱ ወደ ከተማ እንደሚመልሰኝ በአባቴ ፊት ነገረኝ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

ከእኛ ጋር የተመደቡት ዱካ ፈላጊ አንድ የጉጂ ሽማግሌ ነበሩ። ከአባቴ ጋር ስንት ዘመን አብረው እንደሠሩ ሁለቱም አይስማሙበትም፤ አንዱ ዓመቱን በድርቅ፣ ሌላው በደመወዝ ጭማሪ ስለሚቆጥሩ። አማርኛቸው እየተሰበረ የሚሄድ፣ ቀልዳቸው ግን የማይሰበር ሰው ነበሩ። ሲያዩኝ «አካም፣ ናጋ?» ብለው እጄን ይዘው ቆዩና ወደ አባቴ ዞሩ።

«ኦቦ፣ ልጅዎ የፈረንጅ አፍ ታውቃለች ይሉኛል። እንግዲያው ከአምበራይሌውም ጋር ታነጋግረን፤ ቆሞ ይጠብቀን።»

አባቴ ሳቁ። እኔ ግን ቀልዱን እንደ ፈተና ነበር የወሰድኩት። በዚያ ዕድሜዬ፣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለማወቅን በአደባባይ መግለጥ ይመስለኝ ነበር። ይህ ጠባይ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

የደረስን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በግራር ጥላ ሥር እኛ የተመደብንለት አዳኝ ያስቀመጠውን መጽሔት አገላብጬ ነበር። አንዱ ገጽ ላይ በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የተገጠመ፣ ክንድ የሚያህል ጥቁር ቱቦ ሥዕል አየሁ። ከሥሩ የተጻፈውን በጥንቃቄ አነበብኩት። ቱቦው የተኩስን ድምፅ የሚያፍን መሣሪያ ነው፤ በአንዳንድ አገር አዳኞች ጎረቤት እንዳይረብሹና የራሳቸውም ጆሮ እንዳይጎዳ ይገጥሙታል። የማላውቀውን ቃል ሁሉ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ለነገው ሥራ መዘጋጀቴ ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። አባቴ የአዳኙን ጠመንጃ ገና በደንብ ያዩት ከመኪናው ከወረድን በኋላ ነው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የጣት ርዝመት ያለው፣ ከቧንቧው ወፈር ያለ፣ በግራና በቀኝ ጎኑ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ብረት ተገጥሞበታል። አባቴ እንዲህ ያለ ጠመንጃ አጅበው አያውቁም ነበር።

«ጫፉ ላይ ያለው ምንድን ነው በይልኝ» አሉኝ።

ጠየቅሁት። ሰውየው ጥይት እያጎረሰ ስለነበር ቀና ሳይል በአንድ ቃል መለሰልኝ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ነገሌ ውስጥ ማንም ሹፌር የሚያውቀው ቃል ነው።

«ፍሬን ነው አለ» አልኳቸው።

«ፍሬን? ምኑን ነው የሚይዘው?»

እዚህ ላይ ወደ ሰውየው ዞሬ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ግን ሽማግሌው ዱካ ፈላጊ ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ የኃላፊው ማስጠንቀቂያም ገና በጆሮዬ ነው። የትናንቱ ሥዕል በዓይኔ መጣ፦ አፈሙዝ ላይ የሚገጠም ነገር፣ የሚያፍነውም ድምፅ። ሁለቱ አንድ ዕቃ መሰሉኝ።

«ድምፁን ነው» አልኳቸው።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ምን እንዳልኩ በኦሮምኛ ጠየቋቸውና አባቴ ነገሯቸው። ሽማግሌው ቀረብ ብለው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ርቀው ከአንድ ግራር ጀርባ ተቀመጡ።

«እኔ ወንፊት ውሃ ሲይዝ አላየሁም» አሉ።

አባቴ በዚህም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

አምበራይሌውን ያገኘነው ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ነው። ከቁጥቋጦው ዳር ጎኑን ሰጥቶን ቆመ፤ ጎኑ ላይ ያሉት ነጫጭ ሰረዞች በግልጽ ይታያሉ። አዳኙ ከኪሱ ብርቱካንማ የስፖንጅ ውታፎች አውጥቶ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ደፈነ። ይህን አይቻለሁ። ባየሁትም ነገር አልተጠራጠርኩም፤ ፈረንጆች የሚያበዙት ጥንቃቄ መስሎኝ አለፍኩት። አባቴ «ይሁን» አሉ። እንደ ወትሯቸው ወደ ኋላ አላፈገፈጉም። ድምፁ የሚያዝ ከሆነ፣ አውሬው ተመትቶ የሚሮጥበትን አቅጣጫ እዚያው ሆነው ማየት ይሻላቸዋል። ሁለት እጆቻቸው መነጽሩ ላይ ነበሩ።

እኔ ከኋላ፣ ሽማግሌው እንደ ጠዋቱ ከዛፍ ጀርባ ከተቀመጡበት ትንሽ ወደ ፊት ነበርኩ። ያም ሆኖ ድምፁ ደረቴን መታኝ። የማውቀው ዓይነት የጠመንጃ ድምፅ አልነበረም፤ በጎን በኩል እንደ ጥፊ የሚያርፍ ነገር ነበር። ከተኳሹ ግራ ያለው ሣር ተኛ፤ አቧራው ተነሣ፤ የአባቴ ባርኔጣ ወደቀ። አምበራይሌው ሦስት እርምጃ ሮጦ ወደቀ። አዳኙ ውታፎቹን አውጥቶ የአባቴን እጅ ጨበጠ።

ሽማግሌው ልብሳቸውን እያራገፉ መጡ።

«ኦቦ፣ የዚህስ ፍሬኑ ተበጥሷል» አሉ።

አባቴ ፈገግ አሉ፤ መልስ አልሰጡም። ቀልድ ያለ መልስ የሚያልፉ ሰው አልነበሩምና ቅር ብሏቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቀልዱን እንዳልሰሙት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ካምፑ ስንመለስ፣ ጆሯቸውን አሟቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ የመጀመሪያውን አልሰሙኝም።

«ደህና ነኝ። ፍሬን አለው ብለሽ የለም?» አሉኝ።

በሚቀጥሉትም ቀናት እዚያው ቦታቸው ላይ ቆሙ፤ ከግራ ትከሻው አጠገብ፣ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው። እኔም ተኩስ ሲቃረብ ሽማግሌው ወደሚከለሉበት ዛፍ እሄድ ጀመር። ለምን እንደምሄድ ራሴን አልጠየቅሁም። ኃላፊው በሦስተኛው ቀን «ጎበዝ፣ ቀናሽ» አለኝ። አባቴ አጠገቤ ነበሩ፤ የተናገረውን ከፊቱ አንብበው ይሁን ሰምተው፣ ደስ ሲላቸው አየሁ።

በመጨረሻው ቀን አዳኙ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግቶ ያን ብረት ከአፈሙዙ ፈታው፤ በትንሽ ብሩሽ ይጠርገው ጀመር። ሥራው ስላለቀ ዘና ብሎ ነበር፤ ሳልጠይቀው አስረዳኝ። ጥይቱን የሚከተለው ጋዝ በእነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠመንጃው ትከሻን አይረግጥም፣ አፈሙዙም አይዘልም። የሚያቆመው ምቱን ነው። ድምፁን ግን ያባብሰዋል፤ በተለይ በጎን ለቆመ ሰው። አባቴ አንድም ቀን አለማማረራቸው እንዳስገረመው ነገረኝና ብርቱ ሰው ናቸው አለኝ።

ከዚያ በፊት ባለው ወር ውስጥ ስለ ኃይልና አጸፋ ኃይል ተፈትኜ ነበር። ጥያቄዎቹን በሙሉ ሠርቻለሁ። ቀዳዳዎቹ ወደ ጎን መሆናቸውን ስድስት ቀን ሙሉ በዓይኔ ሳይ፣ ጋዙ ወዴት እንደሚወጣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም።

አባቴ ከወዲያ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ሰውየው ብዙ ማውራቱን አይተው «ምን አለ?» አሉኝ።

«ስለ አጸዳዱ ነው የሚነግረኝ» አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

የመጀመሪያው ስሕተት ነበር። ይኼኛው ግን ውሸት ነው። ልዩነቱን በዚያች ቅጽበትም አውቀዋለሁ።

ዕረፍቴ ሲያልቅ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። አባቴ ጆሯቸው ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሊፈላ ሲል የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ እንዳለ ነገሩኝ፤ በጋ ሲያልፍ ያልፋል አሉ። በጋው አለፈ። ተመርቄ፣ የነገሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ ስመለስ፣ የቤታችን ሬዲዮ ከመንገድ ይሰማ ነበር። አይሱዙው ዳገቱን ሲወጣ አይናገሩም። ሰዎች ሲያወሩ ራሳቸውን በትክክለኛው ቦታ ይነቀንቃሉ፤ ትክክለኛውን ቦታ የሚያውቁት የሰዎቹን ፊት አይተው መሆኑን እኔ ብቻ አስተውላለሁ ብዬ አምን ነበር።

ከማስተምራቸው ምዕራፎች አንዱ ስለ ድምፅ ነው። በየዓመቱ ስደርስበት አጭር አደርገዋለሁ።

አንድ ዓመት፣ በሊበን ሜዳ ያቺን ቡናማ ወፍ የሚቆጥሩ ተመራማሪዎች መጡ። ወፏ እያነሰች ነው ተብሎ ነበር። በዜማዋ የሚለያት ሰው ሲያፈላልጉ፣ አባቴን ሁሉም ሰው ጠቆማቸው። አባቴ በዚያ ጠዋት ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው፣ አዲስ ባርኔጣ አድርገው ሄዱ። ሽማግሌውም አብረዋቸው ነበሩ። ሲመለሱ ስለ ሜዳው መድረቅ ብዙ አወሩኝ፤ ስለ ወፏ አላነሡም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው በእረፍት ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው በዘበኛው አስጠሩኝ። ተማሪዎቹ እስኪያልፉ ጠበቁና ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ። ወፏ ስትዘምር አባቴ አልሰሟትም። ሽማግሌው በክርናቸው ሲነኳቸው ነው አባቴ እጃቸውን አንሥተው «እነሆ» የሚሉት፤ ተመራማሪዎቹም ይጽፋሉ። ሁለት ቀን እንዲህ ካደረጉ በኋላ፣ አባቴ ራሳቸው አልችልም ብለው ተዉት።

«እኔ እነካዎታለሁ፣ ማን ያውቃል አልኳቸው» አሉኝ ሽማግሌው። «የወፍ ቁጥር በሐሰት አይጻፍም አሉኝ። አባትሽ ደረቅ ናቸው፣ ኢንታላ፣ ልጄ።»

ከዚያ ሌላ ነገር ለመናገር የፈለጉ መስለው ቆዩ። ደወል ተደወለ። እኔም ቸኮልኩ።

ዓመቱ ሳያልቅ ሐዋሳ ወዳለ የጆሮ ሐኪም ወሰድኳቸው። ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ ሥዕል ስሎ አስረዳኝ። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ጸጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ በኃይለኛ ድምፅ ከተኙ አይነሡም። ቀጭኑን ድምፅ የሚሰሙት ቀድመው ይሄዳሉ። ዕድሜም የራሱ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ይህ የዕድሜ ብቻ አይደለም አለ። ከዚያም ወደ አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ከከባድ ተኩስ አጠገብ ቆመው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው።



«ወታደር ነበርኩ» አሉት። «መድፍ ነው።»

ሐኪሙ ጻፈው። እኔም ዝም አልኩ። ወደ ነገሌ በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ፣ መድፍ ሲተኮስ ጆሯቸውን ይደፍኑ እንደነበር ከእሳቸው አፍ የሰማሁ ሰው ሆኜ፣ አንድ ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ምንም አልተናገርኩም። ያኔ ጆሯቸው ላይ ተጠግቼ ብናገር ይሰሙኝ ነበር።

የታዘዘላቸውን የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ለጥቂት ወራት አደረጉት። ነፋሱንና የራሳቸውን ልብስ መንኮሻኮሽ ብቻ እንደሚያጎላባቸው ነግረውኝ፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጡት። ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀረው ጭላንጭልም ሄደ። የምንነጋገረው በደብተር ሆነ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው በአፍ ይመልሳሉ። «ምሳ ቀርቧል»፣ «ዝናብ ሊጥል ነው»፣ «ባጃጁ በር ላይ ቆሟል»። ደብተሩ ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ። ያለቁትን አልጣልኳቸውም፤ ቁም ነገር ያለው ገጽ ግን ከውስጣቸው አይገኝም።

ሽማግሌው ዱካ ፈላጊ ባለፈው ዓመት አረፉ። አባቴ ለቅሶ ደርሰው ተመልሰው፣ ሦስት ቀን ያህል ከቤት አልወጡም። እኔም ስለዚያ ሳምንት ስሕተቴ የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ ከእኔ በቀር የለም ብዬ አሰብኩ። ለማንም ሳይነገር ከእኔ ጋር እንደሚቀር ሳስብ፣ እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር። አላልኩም።

መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ጻፍኩት። አራት ጊዜ አረምኩት። ሰበብ የሚመስለውን ሁሉ አወጣሁ፦ ልጅነቴን፣ የኃላፊውን ማስጠንቀቂያ፣ የሽማግሌውን ፈገግታ። የቀረው አንድ ገጽ አልሞላም። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ወደ ደብተሩ ገለበጥኩትና፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ግቢው ውስጥ በኒሙ ዛፍ ሥር እንደተቀመጡ ሰጠኋቸው።

አንድ ነገር አላሰብኩም። አባቴ ንባብ የተማሩት ከቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ አያውቁም። የዕለት ተዕለቱን አጫጭር ጽሑፍ በዓይናቸው ያዩታል እንጂ፣ ረዘም ያለውን ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። የድምፃቸውንም ልክ ማወቅ ካቆሙ ቆይተዋል።

መነጽራቸውን አደረጉና፣ በሜዳ ላይ ለሰው ሁሉ እንደሚነበብ አዋጅ፣ ጮክ ብለው ጀመሩ።

«ውድ አባቴ። በካምፑ ሳለን፣ በጠመንጃው ጫፍ ላይ ያለው ፍሬን ድምፁን ይይዛል ብዬ የነገርኩዎት ከራሴ ነው። ሰውየው እንዲህ አላለኝም።»

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ተከራዮች አሉ። አንደኛዋ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ ሳፋው ውስጥ ቆመ። ሌላው ባጃጁን እያሞቀ ነበር፤ ሞተሩን አጠፋ። አባቴ ቀጠሉ። በመጨረሻው ቀን እውነቱን መስማቴን፣ ስለ አጸዳዱ ነው ብዬ መዋሸቴን፣ በሐኪሙ ፊት ዝም ማለቴን፣ ቃል ሳያስቀሩ፣ በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ አረፍ እያሉ አነበቡት። በሕይወቴ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ በእጄ ምልክት የምሰጣቸው ጊዜ ብዙ ነው። ያን ዕለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። በቀስታ እንዲያነቡልኝ የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን እኮ ያኔውኑ ነው ያወቅሁት» አሉ። ድምፃቸው አልቀነሰም። «ገና የመጀመሪያው ሲተኮስ። ድምፅ የሚይዝ ነገር እንዲያ ሰው አይመታም። ሽማግሌውም ማታውኑ ነገሩኝ፤ ለልጅቷ እንዳይነግሯት ብዬ አስማልኋቸው።»

ብናገር አይሰሙኝም፤ ደብተሩም በእጃቸው ነው።

«ወደ ኋላ ባፈገፍግ ፈረንጁ ማታ ካምፕ ውስጥ ለኃላፊው ይነግረዋል፤ እሱም ምነው ይለኛል። ልጄ የነገረችኝ ስሕተት ነው ልበለው? በማግስቱ ከተማ ይመልስሽ ነበር። ሰው ሁሉ እያየሽ።»

ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ጠርዙን በጣታቸው አዞሩት።

«ሰባት ነው የተኮሰው። መቁጠር ሥራዬ ነው። የመጀመሪያው ያንቺ ይሁን፤ እምቢ አልልሽም። ስድስቱ ግን የራሴ ናቸው። እያወቅሁ ነው የቆምኩት። ስድስቱን አትውሰጂብኝ።»

ሐኪሙ የሳለው ሥዕል በዓይኔ ነበር። እነዚያ ጥቃቅን ሕዋሳት የትኞቹ በአንደኛው፣ የትኞቹ በስድስቱ እንደተኙ የሚለይ ምርመራ የለም። የመጀመሪያው ባይኖር ስድስቱ ባልኖሩም ነበር። ይህን ሁሉ ልጽፍላቸው እችል ነበር፤ አሳምሬ፣ በቅደም ተከተል።

ደብተሩንና እስክሪብቶውን መልሰው ሰጡኝና ጠበቁኝ። አጣቢዋም፣ ባለ ባጃጁም ወደ እኛ ያያሉ።

«እሺ» ብዬ ጻፍኩ።

ተቀብለው እሱንም ጮክ ብለው አነበቡት።